ከወደብ እስከ ቪዛ ክፍል፦ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ታሪክ ውስጥ የሐኪሙ ድርሻ

መግቢያ

በቋሚነት ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው፣ ጉዳዩን የሚወስነው የቆንስላ ሹም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት በሐኪም ይመረመራል። ደረቱ በራጅ ይታያል፤ ደሙ ይመረመራል፤ የክትባት ማስረጃው ይጣራል፤ በመጨረሻም ሐኪሙ በቅጹ ላይ ይፈርማል። ፊርማው ለሐኪሙ ከዕለቱ ሥራዎች አንዱ ቢሆንም፣ ለተመርማሪው ግን የራሱና የቤተሰቡ ዕጣ የተያያዘበት ነው። በሌላ ክሊኒክ ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው ሕመሙን ለመንገር ነው፤ ለዚህ ምርመራ የሚመጣው ግን ሕመሙን ለመደበቅ ምክንያት ያለው ሆኖ ነው።

ይህ አሠራር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው። በታሪኩም ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያሉ። አንደኛው ተላላፊ በሽታን ለመከላከል የሚደረግ እውነተኛ የሕክምና ሥራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሕግ አውጪው በሌላ ምክንያት ሊያስቀረው ለሚሻው ሰው ከሐኪሙ የበሽታ ስም መጠየቁ ነው። ሁለቱ በአንድ ቅጽና በአንድ ፊርማ ላይ ስለሚገናኙ እነርሱን መለየት ሁልጊዜ ቀላል አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕጎች ያለፉበትን መንገድ ከሐኪሙ ድርሻ አንጻር ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ክልከላዎች

አሜሪካ ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ለመቶ ዓመታት ያህል የፌዴራሉ መንግሥት ወደ አገሪቱ የሚገባውን ሰው የሚያግድ ሕግ እምብዛም አልነበረውም። በ1790 የወጣው ሕግ ዜግነትን ነጻ ለሆኑ ነጮች ብቻ የፈቀደ ቢሆንም፣ የመግቢያውን በር የሚዘጋ አልነበረም። መርከቦችን መፈተሽና ሕሙማንን ለይቶ ማቆየት የወደብ ከተሞችና የየግዛቶቹ ሥራ ነበር።

ይህ ሁኔታ በ1882 በወጡ ሁለት ሕጎች ተለወጠ። የመጀመሪያው ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ለ10 ዓመት ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ። ሕጉ በ1892 ታደሰ፤ በ1902 የጊዜ ገደቡ ተነሥቶለት ዘላቂ ሆነ፤ የተሻረውም በ1943 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ወንጀለኞችን፣ የአእምሮ ሕሙማንን፣ የአእምሮ ዝግመት ያለባቸውን፣ እንዲሁም ራሳቸውን መቻል አቅቷቸው የሕዝብ ሸክም ይሆናሉ የተባሉትን አገደ። አንደኛው ሰውን በትውልዱ፣ ሌላው በአካሉና በአእምሮው የሚለይ ነበር። ሁለቱ መለኪያዎች በተለያየ በር ገብተው በኋላ ተደባልቀዋል።

ዘመኑ የባክቴሪያ ሳይንስ የተወለደበት ወቅት ነው፤ ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው በዚያው በ1882 ነበር። በ1891 የወጣው ሕግ ይህን አዲስ እውቀት ተከትሎ፣ አስጸያፊ ወይም አደገኛ ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው እንዳይገባ ደነገገ፤ ምርመራውንም ለመርከበኞች ሕክምና ተቋቁሞ ለነበረው የፌዴራል የሐኪሞች አገልግሎት ሰጠ። ይህ አገልግሎት በ1912 የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሚለውን ስም አገኘ። የታገደውን ሰው በራሱ ወጪ ወደመጣበት የመመለስ ግዴታ በመርከብ ኩባንያው ላይ ወደቀ። በ1903 ደግሞ በመነሻው ወደብ ሊታወቅ ይችል የነበረ በሽታ ያለበትን ሰው አሳፍሮ ያመጣ ኩባንያ 100 ዶላር እንዲቀጣ ተደረገ። ከዚህም የተነሣ ኩባንያዎቹ በአውሮፓ ወደቦች የራሳቸውን ሐኪሞች አቁመው ተሳፋሪዎችን መመርመር ጀመሩ።

ኤሊስ ደሴት

በኒው ዮርክ ወደብ የሚገኘው የኤሊስ ደሴት ጣቢያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ተከፈተ። እስከተዘጋበት እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አልፈውበታል። በተጨናነቀው በ1907 በአንድ ዓመት ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ተስተናግዶበታል። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የተጓዙ መንገደኞች እዚያው መርከቡ ላይ በአጭሩ ታይተው ሲያልፉ፣ ወደ ደሴቱ የሚወሰዱት በመርከቡ ታችኛ ክፍል የመጡት ድሆች ነበሩ።

ምርመራው የሚጀምረው ተመርማሪው ሳያውቀው ነበር። ሰዎቹ ሻንጣቸውን ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ ሐኪሞቹ ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ ማን ዙሪያውን ሲያይ ግራ እንደሚጋባ ይመለከታሉ። ሰልፈኛው በሐኪሙ ፊት የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ነበር። ጥርጣሬ ያሳደረ ሰው በልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይጻፍበታል፤ ለልብ «ኤች»፣ ለዐይን «ኢ»፣ ለማንከስ «ኤል»፣ ለአእምሮ ጉድለት ጥርጣሬ «ኤክስ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ነበሩ። ምልክት ያለበት ሰው ከሰልፉ ወጥቶ በዝርዝር ይመረመራል፤ ካስፈለገም በ1902 በተከፈተው የደሴቱ ሆስፒታል ይተኛል። በዚያ ሆስፒታል ብዙዎች ከኩፍኝና ከሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ታክመው ወጥተዋል፤ እናቶችም ተገላግለዋል። እስከ መጨረሻው ተከልክለው የተመለሱት ከመጡት ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ይታይ እንጂ፣ አንድ ልጅ ሲከለከል ከወላጆቹ አንዱ አብሮት መመለስ ስለነበረበት ብዙ ቤተሰብ በዚያ አዳራሽ ተለያይቷል።

የደሴቱ ሐኪሞች ከመነሻው የያዙት አንድ አቋም ሊታወስ ይገባዋል። ስለ መግባትና መመለስ በሚወስኑት ጉባኤዎች ውስጥ አባል ሆኖ መቀመጥን አልተቀበሉም። የሐኪም ሥራ ያየውን በሽታ መመስከር እንጂ በሰውየው ላይ መፍረድ አይደለም የሚል ነበር አቋማቸው። ሆኖም ሕጉ ራሱ አንዳንዱን የምስክር ወረቀት ከፍርድ እኩል አድርጎት ስለነበር፣ አደገኛ ተላላፊ በሽታ የሚል ቃል ከተጻፈ በኋላ ጉባኤው የሚወስነው ብዙም አልቀረውም።

ትራኮማና መንጠቆ ትል

በደሴቱ እጅግ የተፈራው ምርመራ የዐይን ምርመራ ነበር። ሐኪሙ የእያንዳንዱን ሰው የዐይን ቆብ በጣቱ ወይም ለጫማ ቁልፍ መቆለፊያ በሚያገለግል ትንሽ መንጠቆ ገልብጦ ያይ ነበር። የሚፈልገው ትራኮማን ነው። በሽታው በ1897 አደገኛ ተላላፊ ተብሎ ከተመደበ በኋላ፣ በተላላፊ በሽታ ምክንያት ከተመለሱት ሰዎች የሚበዙት በእርሱ የተከለከሉ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና የዐይን ቆብን በመዳብ ሰልፌት መተኮስን የመሰለ፣ ሥቃዩ የበዛና ወራት የሚወስድ ነበር፤ ወጪውንም የሚሸፍነው በሽተኛው ወይም ዘመዱ ነው።

ትራኮማ ለኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በዓለም የበሽታው ሸክም እጅግ ከከበደባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት። የሚተላለፈውም ውኃና ንጽሕና በጎደለበት፣ ሕፃናት ተጨናንቀው በሚኖሩበት ቤት እንደሆነ፣ በአፍ በሚወሰድ አዚትሮማይሲንም እንደሚታከም ይታወቃል። በሽታው የድህነት እንጂ የዘር ምልክት አይደለም። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ውስጥም በኬንታኪ ተራራማ ወረዳዎችና በቀደምት ሕዝቦች መንደሮች ትራኮማ ተስፋፍቶ ነበር። በዚያ መንግሥት ከ1913 ጀምሮ የትራኮማ ሆስፒታሎችን ከፈተ። በውስጥ ሲገኝ ሆስፒታል ያስከፈተው በሽታ፣ በወደብ ሲገኝ የመመለሻ ምክንያት ነበር።

በምዕራቡ ጠረፍ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ በ1910 የተከፈተው የኤንጀል ደሴት ጣቢያም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ወደዚያ የሚመጡት በብዛት ቻይናውያን፣ ጃፓናውያንና ሕንዳውያን ነበሩ፤ ከምሥራቁ ጣቢያ በተለየ ሰገራቸው በማይክሮስኮፕ ይመረመር ነበር። በ1910 መንጠቆ ትል አደገኛ ተላላፊ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ብዙ ሕንዳውያንም በእርሱ ምክንያት ተከለከሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ግን፣ በ1909፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በሰፊው የተሰራጨውን ይህንኑ ትል ለማጥፋት በሮክፌለር ገንዘብ የጤና ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ በየወረዳው መድኃኒት አደለ፤ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈርና ጫማ እንዲደረግ አስተማረ። ትሉ በቀላል መድኃኒት የሚወጣ መሆኑ በሁለቱም ቦታ የታወቀ ነበር።

አእምሮን የመለካት ዘመን

የ1907ቱ ሕግ የሳንባ ነቀርሳን በስሙ ጠርቶ ከለከለ፤ በአእምሮ ደካማ የሚባሉትንና እንጀራቸውን ለማግኘት የሚያግድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት አለባቸው ተብሎ በሐኪም የተመሰከረባቸውንም ጨመረ። የ1917ቱ ሕግ ደግሞ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ተቃውሞ ላይ አልፎ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይገባ ከለከለ፤ አብዛኛውን እስያ የተከለከለ ቀጠና አደረገ፤ «ተፈጥሯዊ የአእምሮ ዝቅተኝነት» የሚል ትርጓሜው ያልጠራ የሕክምና ስያሜም አስገባ። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የሚጠየቀው ያየውን በሽታ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ወደፊት ምን እንደሚሆን ነበር።

ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት ሁለት መልሶች የባለሙያን ኃላፊነት በሚገባ ያሳያሉ። ሄንሪ ጎዳርድ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በፈረንሳይ ለተማሪዎች የተዘጋጀውን የቢኔ ፈተና በኤሊስ ደሴት ተጠቀመ። በ1917 ባወጣው ጽሑፍም ከተፈተኑት ጥቂት አይሁድ፣ ሃንጋሪያውያን፣ ጣሊያናውያንና ሩስያውያን ከየአምስቱ አራቱ ያህል በአእምሮ ደካሞች ሆነው እንደተገኙ ገለጸ። ሳምንታት በባሕር ላይ የቆየ፣ እርሳስ ይዞ የማያውቅ፣ በአስተርጓሚ የሚጠየቅ ገበሬ እንዲህ ያለ ውጤት ቢያመጣ ጉድለቱ የፈተናው መሆኑን ውጤቱ ራሱ ሊያመለክት ይገባው ነበር።

ሀዋርድ ኖክስ የተባለው የደሴቱ ሐኪም ግን ሌላ መንገድ ያዘ። እርሱም የዘመኑ ሰው ነበርና ሕጉን አልተቃወመም፤ ነገር ግን በቋንቋና በትምህርት ላይ የተመሠረተ ፈተና እነዚህን ሰዎች እንደማይለካ ተገነዘበ። ስለዚህም ከባልደረቦቹ ጋር ቋንቋ የማይጠይቁ ፈተናዎችን አዘጋጀ። ከነዚህ አንዱ ሐኪሙ በተደረደሩ አራት ትናንሽ ኩቦች ላይ በቅደም ተከተል ሲነካካ ተመርማሪው አይቶ እንዲደግመው የሚጠይቅ ነበር። የመለኪያውን ትክክለኛነት መጠየቅ ብቻውን ብዙ ሰዎችን ከተሳሳተ ስያሜ አድኗል።

ኮታው

ምክር ቤቱ በ1920ዎቹ ወደ ሌላ መንገድ ዞረ። የ1921 ሕግ ከየአገሩ በዓመት የሚገባውን ሰው በ1910 ቆጠራ በአሜሪካ ከነበሩት የዚያ አገር ተወላጆች በ3 በመቶ ወሰነ። የ1924ቱ ሕግ ቁጥሩን ወደ 2 በመቶ ዝቅ አደረገ፤ ቆጠራውንም ወደ 1890 መለሰው። ቆጠራው ወደኋላ የተወሰደበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ በ1890 ከጣሊያን፣ ከፖላንድና ከሩስያ የመጡት ገና ጥቂት ነበሩ። ከእስያ የሚመጣውም ፈጽሞ ተዘጋ። በዚህ የኮታ ሠንጠረዥ ላይ ኢትዮጵያ ዝቅተኛውን የ100 ሰው ድርሻ አግኝታ ነበር።

ለዚህ ሕግ የሳይንስ ካባ የደረበለት ሃሪ ላፍሊን ነው። ላፍሊን ሐኪም አልነበረም፤ የሰውን ዘር በመምረጥ ማሻሻል ይቻላል የሚለው የዩጀኒክስ እንቅስቃሴ መሪ ነበር። የምክር ቤቱ ኮሚቴ አማካሪ ሆኖ ከአእምሮ ሆስፒታሎችና ከእስር ቤቶች የሰበሰበውን ቁጥር በማቅረብ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች የአገሩን ደም እንደሚያበላሹ ተከራከረ። ኸርበርት ጄኒንግስ የተባለው የጆንስ ሆፕኪንስ የሥነ ሕይወት ሊቅ ያንኑ ቁጥር መርምሮ መደምደሚያው ከመረጃው እንደማይገኝ አሳየ። ሰሚ ግን አላገኘም። የኮታው ዋጋ በ1939 በግልጽ ታየ፤ ሴንት ሉዊስ የተባለችው መርከብ ከጀርመን ከ900 በላይ አይሁድ ይዛ ስትመጣ ኩባም አሜሪካም ሳይቀበሏት ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ከተሳፋሪዎቹ ከ250 የሚበልጡት በኋላ በናዚዎች እልቂት ጠፍተዋል።

የ1924ቱ ሕግ በሕክምና ምርመራው ላይም ዛሬ ድረስ የዘለቀ ለውጥ አምጥቷል። ተጓዡ በመነሻው አገር ከቆንስላ ቪዛ ይዞ እንዲመጣ ስለታዘዘ፣ ምርመራውም ከ1925 ጀምሮ ቀስ በቀስ ከወደቡ ወደ ቆንስላው ተዛወረ። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ምርመራው ከጉዞ በፊት የሚደረገው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሕጉ መለወጥና የሐኪሙ ፍልሰት

በ1952 የወጣው ሕግ ዜግነትን በዘር መከልከልን ቢያስቀርም ኮታውን አጸና። ኮታው የተሻረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በፈረሙት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ለቤተሰብና ለሙያ ቅድሚያ ስለሰጠ፣ ከታዳጊ አገሮች የሚሄዱ ሐኪሞች ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ራሱ የክልከላ ጉዳይ ሆነ። በ1976 ምክር ቤቱ በአገሪቱ የሐኪም እጥረት እንደሌለ ገልጾ፣ በውጭ የተማሩ ሐኪሞች ተጨማሪ ፈተና እንዲያልፉና ለሥልጠና የገቡት ከትምህርታቸው በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሁለት ዓመት እንዲቆዩ ደነገገ። በኋላ ግን፣ በ1994፣ ሐኪም በጎደለባቸው የአሜሪካ ወረዳዎች ለሚያገለግሉት ግዴታው እንዲነሣ መንገድ ተከፈተ። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሱዳን ለተጠለሉ ኢትዮጵያውያን፣ የ1990ው ሕግ ደግሞ በዕጣ በሚሰጠው ቪዛ ለብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን በር ከፍተዋል።

በእነዚህ ዓመታት የሕክምናው ሙያ ስያሜውን ከሕጉ መልሶ የወሰደበት አጋጣሚም አለ። ግብረ ሰዶማዊነት በኢሚግሬሽን ሕግ በአእምሮ መታወክ ስም የሚያስከለክል ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ከበሽታዎች ዝርዝር ካወጣው በኋላ፣ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጁልየስ ሪችመንድ በ1979 የአገልግሎቱ ሐኪሞች እንዲህ ያለ የምስክር ወረቀት መስጠት እንዲያቆሙ አዘዙ። ምክር ቤቱ ክልከላውን ከሕጉ ያወጣው ከ11 ዓመት በኋላ በ1990 ነው።

ኤች.አይ.ቪ

በ1987 የአሜሪካ ሴኔት ኤች.አይ.ቪ. በክልከላ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ 96 ለ0 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በ1990ው ሕግ የበሽታዎቹን ዝርዝር የመወሰን ሥልጣን ለጤና ሚኒስቴር ሲሰጥ፣ በወቅቱ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ዶክተር ሉዊስ ሱሊቫን በ1991 መጀመሪያ ላይ ከተላላፊ የሳንባ ነቀርሳ በቀር ሌሎቹ እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። መነሻው ኤች.አይ.ቪ. በአየር ወይም በአብሮነት የማይተላለፍ መሆኑ ነው። ሐሳቡ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመው፤ በ1993 ደግሞ ምክር ቤቱ ክልከላውን በሕግ ደረጃ አጸደቀው። በዚሁ ወቅት ጥገኝነት የሚገባቸው መሆኑ የታወቀላቸው ከ200 በላይ ሄይቲያውያን ቫይረሱ ስለተገኘባቸው ብቻ በጓንታናሞ ታግደው ቆይተው፣ በ1993 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተለቀቁ። በቦስተን ሊደረግ የነበረው የ1992ቱ ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤም በክልከላው ምክንያት ወደ አምስተርዳም ተዛወረ።

ሕጉ ለስደተኞችና በአሜሪካ የቅርብ ቤተሰብ ላላቸው ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት ቀዳዳ ነበረው። በዕጣ ቪዛ የደረሰው፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው ግን ቫይረሱ ከተገኘበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። በኢትዮጵያ ሐኪሞች ምርመራው ለሕይወት ይጠቅማል እያሉ ሕዝቡን በሚያበረታቱበት ዘመን፣ በቪዛው ምርመራ ያው ውጤት የተዘጋ በር ማለት ነበር። በአንድ ቀን የራሱን ሕመምም የጉዞውን መቅረትም የሚሰማ ሰው፣ የጉዞው መቅረት ለጎረቤት የሚገለጽበት ምክንያትም ያስፈልገው ነበር። ምስጢር ጠባቂ መሆን የሚገባው ምርመራ በዚህ ሁኔታ ምስጢርን ማውጣቱ አልቀረም።

በ2008 ምክር ቤቱ ክልከላውን ከሕጉ አወጣ፤ የአፈጻጸም ደንቡም ተሽሮ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ጀምሮ ምርመራው ራሱ ቀረ። በ2012 ዓለም አቀፉ ጉባኤ በዋሽንግተን ተደረገ። ክልከላው በቆየባቸው 22 ዓመታት ስለ ቫይረሱ መተላለፊያ የታወቀው መሠረታዊ እውነት አልተለወጠም፤ እውነቱ በ1987ም የታወቀ ነበር።

ሳንባ ነቀርሳና ኮቪድ

በአንጻሩ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታሪክ በጎውን ገጽታ ያሳያል። በ1991 መመሪያ መሠረት ይደረግ የነበረው የራጅና የአክታ የማይክሮስኮፕ ምርመራ፣ በአክታቸው ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ የማይታይ ሕሙማንን ያሳልፍ ነበር። በ2007 የወጣው መመሪያ የአክታ ካልቸርና የመድኃኒት መቋቋም ምርመራን፣ እንዲሁም በቀጥታ ክትትል የሚሰጥ ሕክምናን ጨመረ። ታማሚው ታክሞ ሲድን ይጓዛል። በዚህ አሠራር በሽታው የሚያዘገይ እንጂ የሚያስቀር አልሆነም፤ ተመርማሪውም፣ ቤተሰቡም፣ ተቀባዩ አገርም ይጠቀማሉ።

ይሁን እንጂ አሮጌው ጥያቄ በ2020 ተመልሶ መጣ። በማርች ወር በ1944 የወጣ የሕዝብ ጤና ሕግን መሠረት በማድረግ፣ በየብስ ድንበር የሚደርሱ ጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳያቸው ሳይሰማ እንዲመለሱ ታዘዘ። ምክንያቱ ኮቪድ-19 ነው ቢባልም፣ የአሜሪካ ዜጎችና የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች በዚያው ድንበር መመላለሳቸውን ቀጥለው ነበር። ትእዛዙ እስከ ሜይ 2023 ጸንቶ ሲቆይ በእርሱ መሠረት ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሰዎች ተመልሰዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሐኪሞች ሁሉ የሕግ አውጪው መሣሪያ ነበሩ የሚል ድምዳሜ አይወጣም። በኤሊስ ደሴት ፍርድን ከምስክርነት የለዩት፣ ኩቦቹን ያዘጋጀው፣ በ1979 የምስክር ወረቀቱን ያስቆሙት፣ በ1991 ዝርዝሩን ለማስተካከል የሞከሩት ሐኪሞች ናቸው። ሕጉ የተስተካከለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይንሱ ከተናገረ ከዓመታት በኋላ ነበር፤ በመካከሉም በቅጹ ላይ የሚፈርም ሐኪም አልጠፋም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ ለሚሠማራ የጤና ባለሙያ ታሪኩ አራት ጥያቄዎችን ይተውለታል። በሽታው አብሮ በመኖር ብቻ ወደ ሌላው ይተላለፋልን? መለኪያው የሚለካው በሽታውን ነው ወይስ የሰውየውን ድህነትና ትምህርት? ያው በሽታ በአገሩ ዜጋ ላይ ሲገኝ ምን ይደረጋል? ተመርማሪው ከክሊኒኩ ሲወጣ ውጤቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል ወይስ ሕክምናም ያገኛል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በሕግ አውጪው እጅ ብቻ አይደለም። የቪዛውን ውሳኔ የሚሰጠው ሌላ ቢሆንም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ በሽታ የተገኘበትን ሰው በጊዜው መንገርና ወደ ሕክምና መላክ፣ ምስጢሩንም መጠበቅ ምርመራውን ያደረገው ሐኪም ግዴታ ነው።